80 ካሬ ሜትር የወጣው የቡና ማሳ

ዘጌ ያለ አንድ የቡና ማሳ ኮምፒውተሬ ላይ 80 ካሬ ሜትር ብሎ ቁጭ አለ። አጠገቡ ያሉት ሁሉ ከ2,000 በላይ ናቸው።

ባሕር ዳር ሆነን የጣና ዳር ይዞታዎችን ወደ ዲጂታል ካርታ የምናስገባበት ጊዜ ነበር። ልጆቹ በጂፒኤስ የያዙትን ነጥብ ያመጣሉ፤ እኔ ነጥቦቹን በመስመር አያይዤ ፖሊጎን፣ ማለትም የማሳውን ዝግ ቅርጽ፣ እሠራለሁ፣ ስህተት እለቅማለሁ። ስህተት መቼም አይጠፋም። በሁለት ጎረቤታሞች ማሳ መካከል የማንም ያልሆነች ቀጭን ክፍተት ትቀራለች። አንዱ ማሳ ሌላው ላይ ይወጣል። የሐይቁ ፖሊጎን ላይ ደቅ ደሴት ተቆርጦ ካልወጣ ደግሞ ሰው የሚኖርበት መሬት ሁሉ ውሃ ተብሎ ይቆጠራል። እነዚህን ለምደናቸዋል።

ይሄኛው ግን ሌላ ነው። አጉልቼ ሳየው ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ ይመስላል። ማሳው አራት ማዕዘን አለው። መስመሩ ግን ከ1 ወደ 2 ይሄዳል፣ ከ2 ወደ 4 ይዘላል፣ ከዚያ ወደ 3 ተመልሶ 1 ላይ ይዘጋል። መሀል ላይ ራሱን ያቋርጣል። ኮምፒውተር ስፋት የሚያሰላው ነጥቦቹን በተሰለፉበት ቅደም ተከተል እየዞረ ነው። አንዱን ክንፍ በቀኝ፣ ሌላውን በግራ ስለሚዞር አንዱን ይደምራል፣ አንዱን ይቀንሳል። 585 ሲቀነስ 505፣ 80። የሰውዬው ማሳ የተበላው እንዲህ ነው።

የካርታ ፕሮግራማችን ኪውጂአይኤስ ላይ ለዚህ የሚሆን የማስተካከያ መሣሪያ አለ። አንድ ክሊክ ነው። ነካሁት። ቢራቢሮዋ መሀሏ ላይ ተሰንጥቃ በጫፋቸው የሚነካኩ ሁለት ክንፎች ሆነች። ስፋት 1,090። ፍተሻውን መልሼ ባስኬደው ስህተት የለም። ቀዩ ምልክት ጠፋ። 11 ሰዓት አልፏል፤ ቀጣዩን ልከፍት ነበር።

የዘጌ ቡና ጥላ ሥር ስለሆነ ከሳተላይት ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ብቻ ነው የሚታየው፣ ወሰን አይለይም። ያስቆመኝ የጎረቤቶቹ መስመር ነው። ከማሳው ግራና ቀኝ የማንም ያልሆነ ባዶ ቦታ ቀርቷል። ባዶው ሲደመር ከማሳው እኩል ሊሆን ምንም አልቀረው። ፕሮግራሙ ደስ ብሎታል፤ የሰውዬው ግማሽ መሬት ግን የለም።

ልኬቱን የወሰደው ልጅ ጋ ደወልኩ።

«ሦስተኛዋ? ዋርካው ሥር ያለችው ናት። ሳተላይት አልይዝ ሲለኝ ዘልያት አራተኛዋን ያዝኩ፤ በኋላ ተመልሼ ወሰድኳት።»

ጥፋት ልለው አልቻልኩም። ነጥቧን በትክክል ይዟታል። ከአራተኛዋ በኋላ መወሰዷን ማስታወሻ ላይ አልጻፈም እንጂ።

በነጋታው አብረን በጀልባ ሄድን። ባለማሳው አዛውንት ናቸው። በትራቸውን ይዘው ከፊታችን ቀደሙ። ዋርካው ሥር ሲደርሱ የረገፈውን ቅጠል በበትራቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉት። ግማሹ አፈር የዋጠው፣ ሽበት ያበቀለ የወሰን ድንጋይ ብቅ አለ።

«ይኸው ልጄ። አባቴ ናቸው ያስቀመጡት።»

እዚያው ቆሜ ላፕቶፑን ከፍቼ የሁለቱን ነጥቦች ተራ አቀያየርኩ። 2,180። ግራና ቀኝ የነበረው ባዶ ቦታ ከጎረቤቶቹ መስመር ጋር ገጠመ።

«ስንት አለ?» አሉኝ።

«2,180 ካሬ ሜትር ነው አባባ።»

አንገታቸውን ነቅነቅ አደረጉ። «ድሮስ።»

እኔን ግን ሌላ ነገር እየከነከነኝ ነበር። ያችን መሣሪያ የነካሁት ያን ቀን ብቻ አይደለም። ቢሮ እንደገባሁ ከዚያ በፊት በአንድ ክሊክ «የተስተካከሉትን» ማሳዎች በሙሉ አወጣሁና የመጀመሪያውን ፋይል ጎን ለጎን ከፈትኩ። ሦስተኛው ላይ ሌላ ቢራቢሮ አገኘሁ። ስልኬን አንስቼ ልጁ ጋ ደወልኩ፤ «ነገም ጀልባ አለን» አልኩት።