ኪስ የምትገባ ሽጉጥ ገዝቼ ያየሁት

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። ሽጉጧን የመረጥኳት በመጠኗ ብቻ ነው። መዳፌ ውስጥ ገባች፣ ኪሴ ውስጥ ገባች፣ አለቀ። ፈቃዴን አውጥቼ፣ ወረቀቱን ጨርሼ ይዣት ወጣሁ። ባትሠራ ማንን ነው የምጠይቀው የሚለው ሐሳብ ጭራሽ አልመጣልኝም። አዲስ ዕቃ እንዴት አይሠራም?

በመጀመሪያው ቀን 50 ጥይት ይዤ ዒላማ ልተኩስ ሄድኩ። አራተኛው ላይ ነከሰች። ቀለሃው ተስፈንጥሮ መውጣት ሲገባው መውጫው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀረቀረ። አስለቅቄ፣ አቀባብዬ፣ ሁለት ተኮስኩ፣ ደግሞ ነከሰች። 50ውን እስክጨርስ ስድስት ጊዜ። መዳፌም አበጠ። ትንሽ ሽጉጥ ቀላል ስለሆነች ክፉኛ ትራገጣለች፤ ይህን ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ሻጩ ጋ ተመለስኩ። ስገዛ ከጎኔ አልጠፋ ያለው ሰውዬ አሁን ቀና ብሎም አላየኝ። «ገና አልተፍታታችም፣ ተኩሳት» ብሎ ሸኘኝ። ተናደድኩ። ግማሽ እውነት እንዳለው የገባኝ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ስሄድ አጠገቤ የሚተኩሱ አንድ አዛውንት ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ፣ የእጅህን አንጓ አላልተኸዋል» አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ጥይቱ ሲተኮስ ኃይሉ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ብረቱ ቀለሃውን ጎትቶ ይጥልና ሞላው ሲመልሰው ከካዝናው አዲስ ጥይት ይዞ ይገባል። በትንሽ ሽጉጥ ይህ መንገድ አጭር ነው፣ ሞላውም ጠንካራ ነው። እጅህ አብሮ ወደ ኋላ ከሄደ ብረቱ መጨረሻው ድረስ አይደርስም። ጠበቅ አድርጌ ስይዝ መንከሷ ቀነሰ። ግን አልቆመም።

ከዚያ ነው ማስታወሻ ደብተር የያዝኩት። ሁለቱን ካዝናዎች 1 እና 2 ብዬ ቁጥር ጻፍኩባቸው፤ ስንተኛው ጥይት ላይ፣ በየትኛው ካዝና፣ በምን ዓይነት ጥይት፣ ምን እንደሆነች፣ ሁሉንም መዘገብኩ። 150 ጥይት ሳይሞላ መልኩ ታየኝ። አብዛኛው ጣጣ የመጣው ከካዝና 2 ነው። ጫፉ ቀዳዳ የሆነ ጥይት ደግሞ ሲገባ አፉ ላይ ይያዛል፣ ጫፈ ድቡልቡሉ ይገባል። (በነገራችን ላይ «ዘጠኝ ስጡኝ» ብቻ ብላችሁ ጥይት አትግዙ፤ ውፍረቱ ዘጠኝ ሚሊሜትር የሚባል ጥይት በቀለሃው ርዝመት ይለያያል። ጆን ብራውኒንግ የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1908 የወጣው አጭሩ ባለ 17 ሚሊሜትር ቀለሃ ነው፤ የተለመደው ባለ 19 ነው። አንዱ በሌላው ምትክ አይሆንም። እኔ ለጥቂት ተርፌያለሁ።)

አምራቹ ጋ መጀመሪያ ስደውል ያነሳችው ልጅ «አጽዳት» ብላ ዘጋችው። ደብተሩን ፎቶ አንስቼ በኢሜይል ስልክላቸው ግን የመለሰልኝ ሌላ ሰው ነበር። ቀለሃው የወደቀው ወደየት ነው? ጠርዙ ተላጧል ወይ? እያለ ይጠይቃል። ወዲያው የሚያውቅ ሰው መሆኑ ገባኝ። ባዶነቷን ሁለቴ አረጋግጬ፣ ሕጉ በሚያዘው መንገድ፣ ሁለቱንም ካዝናዎች ጨምሬ ላክኋት። ካዝናውን ያልጨመረ ሰው ግማሹን በሽታ ቤቱ አስቀርቷል።

ሦስት ሳምንት ፈጀ። ቀለሃ የሚጎትተውን ጥፍር ቀይረው፣ የጥይት መግቢያውን አለስልሰው፣ ካዝና 2ን በአዲስ ተክተው መለሱልኝ። ከሁሉም ደስ ያለኝ ግን ምን ምን እንደሠሩ ዘርዝረው የጻፉባት ወረቀት ናት። «ተስተካክሏል» ብቻ ብለው ቢልኩልኝ ኖሮ አላምናትም ነበር።

ከዚያ በኋላ 200 ጥይት ተኮስኩባት፣ የመጨረሻዎቹን 50 ልይዘው ባሰብኩት ጥይት። አንድም አልነከሰችም። አንድ ጥይት ከሽፏል፤ እሱ የጥይቱ ጥፋት ነው፣ አፈሙዟን ከዒላማው ሳላነሳ 30 ሰከንድ ጠብቄ አወጣሁት።

አሁን የማልዘልለው ሌላው ነገር ጽዳት ነው። ኪስ የብናኝ ጎሬ ነው፤ ሳትተኮስ ብትከርምም ውስጧ ጥጥ ይሞላል። ቃታዋን የሚሸፍን ማህደር ውስጥ እንጂ ራቁቷን አላስቀምጣትም፣ በዚያ ኪስ ቁልፍም ሳንቲምም አይገባም።

በቀደም አንድ ጓደኛዬ እንደኔው በመጠኗ የወደዳትን ሌላ ሽጉጥ ሊገዛ ሲል፣ ቆይ ብዬ የአምራቹን የደንበኞች ስልክ ደወልኩለት። የመለዋወጫ ሞላና ካዝና ይገኛል ወይ? ለጥገና ስንልክ ማጓጓዣውን የሚችለው ማን ነው? ልንጠይቅ የፈለግነው ይቺን ብቻ ነበር። 40 ደቂቃ ሙዚቃ አሰሙን። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ሌላ መረጠ።