ሞተር ሳይክሌ ዊንተሩን ሙሉ ቆማ ባትሪዋ ሳይሞት እንዴት እንደማሳልፈው

ሚኒሶታ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ኖቬምበር ሲጋመስ የሞተር ነገር በቃ አለቀ። ብርዱን እንኳን በወፍራም ጃኬትና በጓንት ትችሉት ይሆናል፣ መንገዱ ላይ የሚበትኑት ጨው ግን ሰንሰለት ይበላል፣ ብሎን ይበላል፣ ማርሚታ ይበላል፣ እሱ በዝናብ ታጥቦ እስኪሄድ ደሞ ኤፕሪል ይደርሳል። ስለዚህ ሞተሯ አምስት ወር አካባቢ ቆማ ትከርማለች። የኔ ሱዙኪ ቪ-ስትሮም 650 ናት፣ ባትሪዋ ከሲቱ ስር ነው ያለው፣ የሚይዘው ኮረንቲ 10 አምፒር አወር ብቻ ነው፣ የመኪና ባትሪ እኮ 50 እና 60 ይይዛል። እና ይቺ ትንሽ ነገር ናት አምስት ወር ሙሉ ራሷን ችላ እንድትቆይ የሚጠበቅባት።

አገር ቤት የምናውቃቸው ሞተሮች አብዛኛዎቹ በእግር ተረግጠው የሚነሱ ስለሆኑ ባትሪው ወረደ አልወረደ ብዙም ጉዳይ አይደለም። እዚህ ግን በእግር የሚረገጥ ነገር የላትም፣ ኢንጀክሽን (ቤንዚኑ በኮምፒውተር የሚረጭላት) ስለሆነች ደሞ ባትሪው ጭራሽ ከሞተ ገፍቶ ማስነሳትም የማይሆን ነገር ነው፣ የቤንዚን ፓምፑም ኮምፒውተሩም መጀመሪያ ኮረንቲ ይፈልጋሉ።

ብዙ ሰው ባትሪ የሚገድለው ብርድ ነው ይላል። ወደዚህ አገር ስመጣ እኔም ስሰማ የነበረው ያንኑ ነው፣ አሁን ግን ጠጋ ብዬ ሳየው ገዳዩ ባዶውን መቀመጡ ነው፣ ሙሉ ባትሪ ብርድ አይፈራም። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ሊድ አሲድ ባትሪ (የተለመደው የእርሳስ ባትሪ) ውስጥ ያለው አሲድና ውሃ ነው፣ ሲሞላ አሲዱ ጠንካራ ነው፣ እየወረደ ሲሄድ አሲዱ ወደ ፕሌቶቹ (ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች) ይገባና የቀረው ፈሳሽ ወደ ውሃነት ይጠጋል። ሙሉ ባትሪ በረዶ የሚሆነው ከ-50 ሴልሺየስ በታች ሲሆን ነው፣ ባዶ ባትሪ ግን -10 አካባቢ ላይ በረዶ ይሆናል አበቃ። የኛ ጃንዋሪ ሌሊት በተለመደው ጊዜ እንኳ -13 ምናምን ነው፣ በ2019 ጃንዋሪ 30 ደሞ ሚኒያፖሊስ -33 ሴልሺየስ ገብቷል፣ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ።

ያን ዊንተር ሞተሬ አፓርታማው ፓርኪንግ ውስጥ ነበረች፣ ጣሪያ አለው እንጂ ማሞቂያ የለውም፣ ሶኬትም የለውም። ከመከርመሯ በፊት ባትሪውን ሞልቼ ኔጌቲቩን ነቅዬ እዛው ተውኩት። አጠገቤ የሚያቆም አንድ ጓደኛዬ አላርም የተገጠመላት ሞተር አለችው፣ ሸፈናትና ሄደ። ስፕሪንግ ላይ ሲቱን ሲያነሳ አብሬው ነበርኩ፣ የባትሪው ጎንና ጎን ተነፍቷል፣ በአንዱ ጥግ በኩል ፕላስቲኩ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፣ ስር ያለው ብረት ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ተጋግሯል። የኔን በቴስተር ስለካው 12.6 ቮልት አለ፣ ደህና ነው። አንድ ፓርኪንግ፣ አንድ ብርድ፣ የሱን ግን አላርሙ ባዶ አድርጎት ነበር። እንዲያውም ብርዱ ሙሉ ባትሪን ይጠቅመዋል፣ ባትሪ ዝም ብሎ ተቀምጦ በራሱ የሚወርደው በሙቀት ነው የሚፈጥነው፣ ቀዝቃዛ ቦታ ላይ በጣም ቀስ ይላል።

በረዶ ባይሆንም ባዶ መቀመጡ በራሱ ይጎዳዋል። ፕሌቶቹ ላይ የሚፈጠረው ሰልፌት ቶሎ ቻርጅ ከተደረገ ተመልሶ ይሟሟል፣ ለሳምንታትና ለወራት ሲተው ግን ይደነድንና እምቢ ይላል፣ ከዛ በኋላ ቻርጀር ላይ ስትሰኩት ቶሎ ሞላሁ ይላችኋል፣ ሞተሪኖውን ስትነኩት ጠቅ ጠቅ ጠቅ ብቻ።

እሺ ታዲያ ማን ነው የሚያወርደው? ቁልፉ ተነቅሎም ቢሆን ሰዓቱ፣ ኮምፒውተሩ፣ አላርም ካለ አላርሙ፣ ጂፒኤስ ትራከር ያስገጠማችሁ ደሞ እሱ ዋናው በላተኛ ነው፣ ትንሽ ትንሽ ይስባሉ። እኔ የራሴን ለክቻለሁ፣ ኔጌቲቭ ኬብሉን ፈትቼ ቴስተሩን ሚሊ አምፒር ላይ አድርጌ በኬብሉና በባትሪው መሀል አስገባሁት፣ 3 ሚሊ አምፒር አሳየኝ። (ይሄን ስታደርጉ ቁልፍ እንዳታበሩ፣ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል።) 3 ሚሊ ምንም አይመስልም አይደል፣ ግን አስሉት፣ በ24 ሰዓት ስታበዙት በቀን 0.072 አምፒር አወር ነው፣ በ150 ቀን 10.8 ይመጣል። የኔ ባትሪ ያለው 10 ነው። ሌላ ምንም ሳይነካው ሰዓቷና ኮምፒውተሯ ብቻ ባትሪዬን ጨርሰው ይበሉታል ማለት ነው፣ ለዚህ ነው ሌላ ምንም ማድረግ ባትችሉ እንኳን ኔጌቲቩን ንቀሉት የምለው፣ 10 ቁልፍ ወይም ካቻቪቴ ይበቃል፣ ሁለት ደቂቃ።

አፓርታማ ለምትኖሩና ሶኬት ለሌላችሁ፣ እኔ ከዛ ዊንተር በኋላ ያደረግኩት ባትሪውን አውጥቼ ቤት ማስገባት ነው። መጀመሪያ ኔጌቲቭ (ጥቁሩ)፣ ቀጥሎ ፖዘቲቭ ነው የሚፈታው፣ ስትመልሱ ደሞ በተቃራኒው ፖዘቲቭ መጀመሪያ። ምክንያቱም ቻሲሱ በሙሉ ኔጌቲቭ ነው፣ ኔጌቲቩ ሳይፈታ ፖዘቲቩን ስትፈቱ ቁልፉ የሆነ ብረት ከነካ እሳት ነው የሚተፋው። አንድ ደሞ የሚያናድድ ነገር አለ፣ የሞተር ባትሪ ላይ ብሎኑ የሚገባባት አራት ማዕዘን ዳዶ ቤቷ ውስጥ ልል ናት፣ ብሎኑን ስትፈቱት ወደ ታች ትወርድና ስትመልሱ ብሎኑ አይደርስባትም፣ አንዳንዴም ወጥታ ሞተሩ ውስጥ ትጠፋለች። ከስሯ ትንሽ ስፖንጅ ጠቅልላችሁ ሸጉጡባት፣ ከፍ ብላ ትቆማለች፣ ብሎኑ ወዲያው ይይዛል። ይቺን የነገረኝን ሰው እግዜር ይስጠው።

ቤት ሳስገባው ባለቤቴ "ይሄን ነገር ልጆቹ ክፍል አጠገብ እንዳታደርግብኝ፣ ይፈነዳል ይላሉ" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ሊያወጣ ይችላል፣ በተለይ ውሃ የሚጨመርበት የድሮው ዓይነት ከሆነ፣ ስለዚህ ተዘግቶ ቁምሳጥን ውስጥ አይቀመጥም፣ ሻማ ዕጣን ከሰል አጠገቡ አይደርስም። ቡና በሚፈላበት ቀን ቻርጅ ማድረግ የለም ተባለ፣ ተስማማን። ላውንድሪው ጋ በፕላስቲክ ትሪ ላይ በሩ ክፍት ሆኖ ተቀመጠ። ሲሚንቶ ላይ ካስቀመጥከው ይወርዳል የሚሉትን አትስሙ፣ ያ ቅርፊቱ ከእንጨትና ከጎማ ይሰራ የነበረ ጊዜ ነው፣ የዛሬው ፕላስቲክ ነው።

ቤት የገባ ባትሪ ሁልጊዜ ተሰክቶ መቆየት የለበትም። ሞልታችሁ ትነቅሉታላችሁ፣ በወር አንዴ በቴስተር ታዩታላችሁ። 12.8 አካባቢ ከሆነ ሙሉ ነው፣ 12.4 ሩቡ ሄዷል፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ከሆነ ዝም ብላችሁ ቆይታችኋል ማለት ነው። እኔ 12.5 ሲል ሌሊቱን እሰካዋለሁ። ግን ከቻርጀር እንደነቀላችሁ ብትለኩት 13 ምናምን ብሎ ያታልላችኋል፣ አሳድሩትና ጠዋት ለኩት።

ቻርጀሩ ላይ ሰው ይሳሳታል። የመኪና ቻርጀር 10 አምፒር የሚሰጠውን አምጥቶ በዚህ ሚጢጢ ባትሪ ላይ መሰካት መቀቀል ነው። የተለመደው ልክ የባትሪውን አንድ አስረኛ ነው፣ 10 አምፒር አወር ከሆነ 1 አምፒር። ከርካሾቹ መሀል ደሞ ሞላ አልሞላ ሳይል ዝም ብሎ የሚሰጥ አለ፣ ለወራት ከተውነው የታሸገውን ባትሪ ያደርቀዋል፣ እሱ ላይ ውሃ መጨመር አይቻልም። መግዛት ያለባችሁ ስማርት የሚባለውን ነው፣ 14.4 ቮልት አካባቢ ድረስ ይሞላና ራሱ ወደ 13.5 ወርዶ ይጠብቀዋል። እኔ ኖኮ ጂኒየስ 1 ነው ያለኝ፣ ባትሪ ቴንደር ጁኒየርም ያላቸው ጓደኞች አሉኝ፣ ሁለቱም ይሰራሉ፣ ባትሪ ከመቀየር ይረክሳሉ። ለሁሉም ሰው አንድ አንድ መግዛትም የግድ አይደለም፣ እኛ ሞተር ያለን ልጆች አንዷን ቻርጀር እንደ ዕቁብ ስናዞራት ከርመናል፣ የሞላ ባትሪ ወር ሙሉ ሳይነካ ስለሚቆይ ተራው እስኪደርሰው ምንም አይሆንም።

አሁን ጋራዥ ያለው ቤት ስለገባሁ ነገሩ ቀሏል። ከቻርጀሩ ጋር የሚመጣ ፊውዝ ያለው አጭር ገመድ አለ፣ ቀለበቶቹ ባትሪው ተርሚናል ላይ በብሎን ይታሰራሉ፣ ሌላኛው ጫፍ ከሲቱ ስር ብቅ ይላል፣ መሰካት ብቻ ነው፣ ባትሪ ማውጣት የለም። አንድ ነገር ልንገራችሁ ግን፣ የጋራዥ ሶኬት ብዙ ጊዜ ያ ሪሴት ቁልፍ ያለው ዓይነት ነው፣ እርጥበት ምናምን ሲነካው ራሱን ያጠፋል፣ እናንተ ተሰክቷል ብላችሁ ተኝታችኋል። አንዳንዱ ቻርጀር ደሞ ኮረንቲ ሲጠፋ መልሶ ከባትሪው ላይ ትንሽ ይስባል። እኔ ቆሻሻ ላወጣ በወጣሁ ቁጥር አረንጓዴ መብራቷን አያታለሁ።

"በየሳምንቱ ለአስር ደቂቃ አስነሳት፣ ይበቃታል" የሚል ምክር የማይሰጥ ሰው የለም። አገር ቤት ባለመኪናው ውጭ ሲሄድ ለዘበኛው ቁልፍ ትቶ "አልፎ አልፎ አስነሳልኝ" ይላል አይደል፣ ከዛ የመጣ ይመስለኛል። ለሞተር በዚህ ብርድ አይሰራም። ዲናሞው በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጣት) የሚሰጠው ትንሽ ነው፣ ያቺንም የፊት መብራቱና የቤንዚን ፓምፑ ይሻሟታል፣ የቀዘቀዘ ባትሪ ደሞ ቻርጅ ቶሎ አይቀበልም። ከዛ በላይ የሚያሳስበው ውሃው ነው፣ ቤንዚን ሲቃጠል ውሃ ይፈጥራል፣ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ከጠፋ ያ ውሃ ዘይቱ ውስጥና ማርሚታው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይከርማል፣ ዝገት ነው። ወይ ሄዳችሁ ግማሽ ሰዓት ንዱት ወይ ጭራሽ አትንኩት።

ሊቲየም ባትሪ ያላችሁ ከላይ ያልኩት አብዛኛው አይመለከታችሁም። እሱ በራሱ ብዙም አይወርድም፣ ሞልቶ ሲቀመጥ 13.3 አካባቢ ነው የሚያሳየው፣ ቻርጀሩ የሊቲየም ሞድ ያለው መሆን አለበት፣ ከዜሮ ሴልሺየስ በታች ደሞ በፍጹም ቻርጅ አይደረግም፣ ውስጡ ይበላሻል። ቤት አስገቡት፣ ይሙቅ፣ ከዛ ስኩት። ውሃ የሚጨመርበት ያላችሁ ደሞ ከመሙላታችሁ በፊት መስመሩን እዩ፣ ከጎደለ የተጣራ ውሃ ብቻ፣ የቧንቧ ውሃ አይሆንም፣ አሲድም አትጨምሩ።

ኤፕሪል ላይ ስመልሰው ተርሚናሎቹ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ነገር ካለ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጬ በድሮ ጥርስ ብሩሽ እፈትጋለሁ፣ አድርቄ አስሬ ከላይ ቫዝሊን ቀባ አደርጋለሁ። ከዛ ቴስተሩን ባትሪው ላይ አድርጌ ሞተሪኖውን እነካለሁ፣ ቁጥሩ ሲወርድ አይታችሁ አትደንግጡ፣ ከ10 በላይ ከቆመ ባትሪው ደህና ነው፣ ወደ 9 ከወረደ ግን ምንም ብትንከባከቡት ዘመኑ አልቋል፣ አዲስ ግዙ። ተነስታ ጋዝ ስትሰጧት 14 ምናምን ማሳየት አለባት። ባትሪው ሙሉ ሆኖ እሷ 12.5 ላይ ከቀረች ዲናሞው ወይም ሬጉሌተሩ (የዲናሞውን ቮልት የሚመጥነው) ነው የሚጠየቀው፣ እሱ ደሞ ሌላ ጣጣ ነው።