ክብ ካርታ ፍለጋ ወደ ሳዋንትዋዲ

በሥዕል ያጌጡ የመጫወቻ ካርታዎችን ስሰበስብ ከሁሉ አብልጬ የተመኘሁት በእጅ የተሣለውን የሕንድ ጋንጂፋ ነው። ጋንጂፋ አብዛኛውን ጊዜ ክብ የሆነ ካርታ ነው፤ በሕንድ የነገሠው የሙጋል ሥርወ መንግሥት መሥራች ንጉሥ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1527 ለአንድ ወዳጁ ጋንጂፋ እንደላከ በማስታወሻው ጽፏል። ዛሬም ከሚሣልባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዷ በማሃራሽትራ ግዛት ደቡባዊ ጫፍ፣ ለጎዋ ቅርብ የሆነችው ሳዋንትዋዲ ናት።

ከአዲስ አበባ ሙምባይ በሰላም ገባሁ። እዚያ አንድ ባለሱቅ «በእጅ የተሣለ ነው» ብሎ ሙሉ ጋንጂፋ አቀረበልኝ። አንዱን ካርታ ወደ ብርሃን አዘንብዬ ሳየው የቀለም እብጠት የለውም፤ አሥሩም ዓሦች እስከ ቅርፊታቸው ድረስ አንድ ዓይነት ናቸው። በሠዓሊ ድካም ስም የማተሚያ ማሽን ሥራ መሸጡ እስከ ማታ ሲያናድደኝ ዋለ።

በሌሊቱ ባቡር ከላዬ የተኛው ሰው ሲያንኮራፋ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። ከጣቢያው ወደ ከተማ ለመውሰድ የባጃጅ ሾፌሩ 500 ሩፒ ጠየቀኝ፤ አጠገቤ የቆሙ አንዲት እናት በማራቲኛ ተቆጥተውት 200 አደረጉልኝ፤ ቦርሳዬንም ራሳቸው አንስተው ካስገቡልኝ በኋላ ምስጋናዬን እንኳ ሳይጠብቁ ሄዱ።

ቤተ መንግሥቱ ሞቲ ታላቭ ከሚባለው ሐይቅ ፊት ለፊት ነው፤ ሠዓሊዎቹም የሚሠሩት ንጉሡ ሹማምንቱንና እንግዶቹን ይቀበልበት በነበረው አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው ነው። ጥበቡ ሊጠፋ ተቃርቦ ሳለ የከተማዋ ንጉሣዊ ቤተሰብ አባል ሺቭራም ራጄ ቦንስሌና ባለቤታቸው ሳትቫሺላዴቪ ከአንድ አረጋዊ ሠዓሊ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አነቃቅተውታል። በቀደመው አሠራር የተደራረበ ጨርቅ በሁመር (ታማሪንድ) ፍሬ ሙጫ ተጣብቆ፣ ተፍቆና ለስልሶ ነበር ካርታ የሚሆነው፤ አገሬ ብራና ሲፋቅ አይቻለሁና የዚህን ትዕግሥት ዋጋ ለመረዳት አልተቸገርኩም።

አንድ አዛውንት ሠዓሊ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። በቀጭን ብሩሽ ካርታው ላይ በሣሏት ኤሊ ድንጋይ ላይ መስመር ሲያሰምሩ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ መስመሩ ሲያልቅ ይተነፍሳሉ። ዳሻቫታራ የሚባለው ጋንጂፋ የሂንዱውን አምላክ የቪሽኑን አሥር መገለጦች በአሥር ምድቦች ይከተላል፤ እያንዳንዱ ምድብ ንጉሥ፣ አማካሪና ከአንድ እስከ አሥር ቁጥሮች ስላሉት በጠቅላላው 120 ካርታ ይሆናል። ሦስት ሰዎች 40፣ 40 ተካፍለው ይጫወቱታል፤ ቀን ከሆነ ከመገለጦቹ አንዱ የሆነው የራማ ምድብ ንጉሥ የደረሰው፣ ማታ ከሆነ የሌላው መገለጥ የክሪሽና ምድብ ንጉሥ የደረሰው ጨዋታውን ይጀምራል። በአምስቱ ምድቦች ከቁጥሮቹ አሥር ትበልጣለች፤ በቀሩት አምስቱ ግን አንድ ትበልጣለች። አዛውንቱ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሲያስረዱኝ ሻዬ ቀዘቀዘ።

ነጠላ ካርታ በፍሬም ተደርጎ በርካሽ ይሸጣል፤ እኔ ግን አልወደድኩትም፤ ከጓደኞቹ የተነጠለ ካርታ ማንም አይጫወትበትምና። ሙሉው ዋጋ ለሌላ የያዝኩትን ገንዘብ ቢነካብኝም፣ ክዳኑም ሳይቀር በሥዕል ካጌጠው የእንጨት ሣጥኑ ጋር ገዛሁት።

በምዕራብ ቤንጋል በቢሽኑፑር የሚሣለው ዳሻቫታራ ከመገለጦቹ አንዱ በሆነው በቡድሃ ፈንታ ጃጋናት የተባለውን የሂንዱ አምላክ ያሳያል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ማየት ስለምፈልግ የሚቀጥለው ጉዞዬ ወደዚያ ነው።