እምነበረድ የመሰለ እንቁላል፦ ሦስተኛ ሳምንቴ

ዛሬ ከነከርኳቸው 12 እንቁላሎች ሰባቱ አምረውልኛል። ባለፈው ሳምንት አንድም አልወጣልኝም ነበር። ደስታዬን መደበቅ አልችልም።

ለአዲሶች ባጭሩ ልንገራችሁ። ኩቴክስ ውሃ ላይ ጠብ ሲደረግ አይሰምጥም፣ ይንሳፈፋል። ሁለት ሦስት ቀለም አከታትላችሁ ታንጠባጥቡና በስቲኪኒ ሳብ ሳብ ታደርጉታላችሁ። ከዚያ እንቁላሉን መንከር ነው። ቅርፊቱን ቀድማችሁ በአቼቶ ጥረጉት፤ የእጅ ወዝ ካለበት ቀለሙ አይዝም።

እኔን ያስቸገረኝ ውሃው ነው። አራት ኪሎ ጠዋት ከቧንቧ የምቀዳው ውሃ እጅ ያደነዝዛል። ቀለሙ ሲወድቅበት አይዘረጋም፣ ተኮማትሮ ቁጭ ይላል። ጥፋቱ የቀለሙ መስሎኝ ሁለት ጠርሙስ ቀየርኩ። አሁን ብርዱ እስኪጠፋ ትንሽ የፈላ ውሃ እጨምርበታለሁ፤ በቃ፣ ተስተካከለ።

ሁለተኛው ነገር አወጣጡ ላይ ነው። እንቁላሉ ከገባ በኋላ ውሃው ላይ የቀረ ቀለም አለ፤ ልክ እንደ ወተት ስልባቦት። ዝም ብላችሁ ካወጣችሁት ያ ስልባቦት ከላይ ተደርቦ ይጨማደድና የሠራችሁትን ሁሉ ያበላሻል። ስለዚህ እንቁላሉን ውስጥ እንደያዝኩ ስቲኪኒውን ውሃው ፊት ላይ አዞራለሁ። ተጠቅልሎበት ይወጣል። ውሃው ሲጠራ ብቻ ቀስ አድርጌ አነሳዋለሁ። በዚህ መንገድ የወጣችው የመጀመሪያዋ ነጭና ሰማያዊ ናት፣ መሃሏ ላይ ፀጉር የምታህል ወርቃማ መስመር ዞራለች። መስኮቱ ጋ ይዣት ብዙ ቆየሁ።

እንቁላሎቹ ባዶ ናቸው። ሁለቱን ጫፍ በመርፌ በስቼ፣ በሲሪንጅ አየር እየገፋሁ ነው የማስወጣቸው። ሁዳዴ ስለሆነ ውስጡ ለጎረቤት ሕፃናት ይሄዳል፣ እናታቸው ትጠብስላቸዋለች። ባዶ እንቁላል አልሰምጥም ብሎ ይታገላል፤ በቀዳዳዎቹ ቀጭን ሽቦ አሾልኬ ነው የምደፍቀው። ደግሞ መስኮት ክፈቱ፣ ከሰልና ሻማ አታስጠጉ። ኩቴክስ እሳት ይስባል።

ለፋሲካ የሚበላውን ግን ኩቴክስ አላስነካውም። ለእሱ የምግብ ቀለም፣ አቼቶና ጥቂት ዘይት ገዝቻለሁ። ዘይቱ የነካው ቦታ ቀለም ስለማይቀበል ዥንጉርጉሩ ከዚያ ይመጣል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ እንቁላሎቹን 14 ደቂቃ እቀቅላቸዋለሁ። ቅዳሜ እጀምራለሁ።