ከማምረቻ መስመር ወደ አመራር

በከባድ ኢንዱስትሪ ሴቶች ወደ አመራር ስለሚያደርጉት ጉዞ ሳስብ፣ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የዋና ሥራ አስፈፃሚው ወንበር ሳይሆን ከዚያ እጅግ ቀድሞ የሚመጣው የፈረቃ ኃላፊነት ነው። ሜሪ ባራ እ.ኤ.አ. በ1980፣ በ18 ዓመታቸው፣ በጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ የመኪና አካል ክፍሎችን በመፈተሽ ሥራ ጀምረው፣ ኋላም የመገጣጠሚያ ፋብሪካ መርተው፣ በ2014 የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈፃሚ ሆነዋል፤ ምርቱን ከሥሩ ማወቃቸው እንደጠቀማቸው አምናለሁ። ብዙ ሴት መሐንዲሶች ግን ገና ከጅምሩ ወደ ሰነድና ወደ ሰው ኃይል አስተዳደር ስለሚገፉ፣ የማቅለጫ ምድጃ ሲበላሽ ወይም መስመር ሲቆም የመወሰን ልምድ ሳያገኙ ይቆዩና፣ የዕድገት ጊዜ ሲደርስ ያንኑ የተነፈጉትን ልምድ ይጠየቃሉ። ስለዚህ ምክር ለምትጠይቀኝ ወጣት መሐንዲስ የምመልሰው፣ ከባዱን የሌሊት ፈረቃ በኃላፊነት ለመምራት በጽሑፍ እንድትጠይቅ ነው።