ቸርኬው ነው ያሉት አክስል

ኮምቦልቻ ውስጥ ወደምሠራበት ጋራዥ የመጣችው ባለአራት ጎማ ሞተር የስፖርት ዓይነት ናት፤ ለጭነት ሳይሆን ለዝላይ የተሠራች። ባለቤቱ ቦርከና ወንዝ ዳር እርከን ሲያዘልላት በአንድ የኋላ ጎማ አርፋለች። «ቸርኬው ተጣሟል፤ ቀይሩልኝ» አለን፤ አዲስ ቸርኬ (ጎማው የሚገጠምበት ብረት) ገዝቶ ይዟል።

አለቃችን ደንበኛ የበሽታውን ስም ይዞ ሲመጣ ደስ አይለውም። የግራና የቀኙን ጎማ አቀያይሮ አሽከረከረ። መወላገዱ ቸርኬውን ተከትሎ ወደ ግራ አልሄደም፤ እዚያው ቀኝ ቀረ። ጎማው ከአክስሉ (ከጎማዎቹ ዘንግ) ጋር የሚያያዝበት ሞዞ ይሆን? እሱንም ከአክስሉ ጥርስ ላይ አውጥቶ ግማሽ ዙር አዞረና መለሰው። ካቻቢቴ ከሻንሲው ጋር አስሮ ጫፉን ወደ አክስሉ አስጠጋ፤ አክስሉ ሲዞር ጎበጥ የሚለውን ቦታ በጠመኔ ምልክት አደረገበት። ሞዞው ዞሮም ጎበጥ የሚለው ቦታ ከምልክቱ ንቅንቅ አላለም። የጎበጠው አክስሉ ነው።

«ታዲያ ቶርኖ ቤት ይቃናልኛ፣ ጋሼ!» አለ ባለቤቱ።

በእኛ አገር የማይቃና ብረት ያለ አይመስለንም። ይህች ሞተር ግን ዲፈረንሻል (ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው) የላትም፤ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች በአንድ ዘንግ ላይ ናቸው። ዘንጉ በሙቀት የጠነከረ ብረት ነው። በእሳት ቢያቃኑት ጥንካሬውን ያጣል፤ በጉልበት ቢያቃኑት ዓይን የማያየው ስንጥቅ ሊተርፍለት ይችላል፤ ከዚያ በሩጫ ላይ ይሰበራል። «አብሽር፣ አዲሱን እናስመጣለን» አለው አለቃችን።

አዲሱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አሮጌውን ማውጣት ጀመርን። አክስሉን የያዙት ሁለት ዳዶዎች እንዳይላሉ የተቀባ ሙጫ ስለነበረባቸው ቀስ ብለን አሞቅናቸውና ተፈቱ። በዚህች ሞተር አክስሉ የሚወጣው ወደ ግራ ብቻ ነው፤ የጎበጠው ደግሞ ቀኙ ጫፍ ነው። ጎባጣው አክስሉ በሚዞርበት ኩሽኔታ ውስጥ ማለፍ አለበት ማለት ነው፤ አያልፍም። ረዳታችን ይህን ሳያሰላ መዶሻውን አንስቶ ደጋግሞ መታው። አክስሉ ተቀርቅሮ ቆመ፤ ኩሽኔታው ሲዞር ጠጠር የገባበት ወፍጮ ይመስል ጀመር። አለቃችን ልጁን አልተቆጣውም፤ የብረት መቁረጫውን ፍሌክሲብል አስነስቶ ጎባጣውን ጫፍ ቆረጠው። ባለቤቱ «ኧረ በአላህ!» ብሎ ጮኸ፤ ለካ እስከዚያች ሰዓት ድረስ የማቃናቱን ነገር ከልቡ አላወጣውም ነበር። የተረፈው ዘንግ ሳያስቸግር ወጣ።

ኩሽኔታው በጋራዡ ሒሳብ ተቀየረ፤ ይህም ተገቢ ነበር። ፓራዮሊዎቹንም (ግራሶ እንዳይወጣ፣ ጭቃ እንዳይገባ የሚከለክሉትን ቀለበቶች) አብረን ቀየርን፤ የድሮዎቹ ጭቃ አስገብተው ግራሶውን ጥቁር አድርገውት ነበር። አዲሱን አክስል ስንገጥም ለዳዶዎቹ አዲስ ሙጫ ቀብተን በኃይል መለኪያ ቁልፍ አጠበቅናቸው፤ ለሞዞው ዳዶዎችም እንዳይፈቱ የሚይዛቸውን አዲስ ኮፒልያ አስገባን።

ከመጀመሪያው ግልቢያ በኋላ ተመልሶ እንዲያሳየን ነገርነው። መጣ። ዳዶዎቹ ከቦታቸው አልተንቀሳቀሱም፤ ካቴናው ግን ላልቶ ስለነበር አስተካከልንለት።