የበሬው ልብና የእህቴ ቫልቭ

ለፋሲካ ቅርጫ ስንገባ፣ ሥጋው በመደብ ከመከፋፈሉ በፊት ልቡን ለእኔ እንዲተዉልኝ ጎረቤቶቼን ለመንኩ። «ምን ልታደርገው?» ሲሉኝ «ላየው ነው» አልኩ። እህቴ ልብን በድምፅ ሞገድ በሚያሳየው የኢኮ ማሽን ላይ ብቻ ያየነውን ነገር በእጇ እንድትነካው ፈልጌ ነበር።

ከግራ በኩል ያለውን የላይኛውን ክፍል በመቀስ ከፈትኩት። ሁለት ነጫጭ፣ ስስ ቅጠሎች ብቅ አሉ። ከሥራቸው እንደ ክራር ክር የቀጠኑ ጅማቶች ወርደው ከግድግዳው ከተነሱ የሥጋ ጉጦች ጋር ተያይዘዋል። ደሙን ወደ ታች አሳልፎ እንዳይመለስ የሚዘጋው በር፣ ቫልቩ፣ ይህ ነው፤ የጳጳስ ቆብ ስለሚመስል ሚትራል ይሉታል። ውሃ ሞላሁበትና ታላቁን ደም ቅዳ ጨብጬ ልቡን ከታች ጨመቅ አደረግሁት። ቅጠሎቹ ተነፍተው ተነሱ፣ ከንፈር ለከንፈር ገጠሙ። ጅማቶቹ ተወጠሩ፤ ቅጠሎቹ ወደ ላይ እንዳይገለበጡ የያዟቸው እነሱ ናቸው። ስለቀው መልሰው ተኙ።

በጣም የገረመኝ ይህ ነው፦ ቅጠሎቹ በራሳቸው አይከፈቱም፣ አይዘጉም። የሚከፍታቸውም የሚዘጋቸውም ደሙ ነው። በቀን ወደ 100,000 ጊዜ! ስለዚህ ሥራቸው ሁሉ ስስና ልል ሆኖ መቆየት ነው።

የእህቴ ግን ስስ አልነበረም። ልጅ ሳለች ጉሮሮዋን አመማት፣ ከሳምንታት በኋላ ጉልበቷ አበጠ፤ እሱ ሲሻላት ክርኗ። እኛ «የእድገት ነው» አልን። እባካችሁ፣ ልጃችሁ እንዲህ ካለ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰዱት። የቶንሲሉ ባክቴሪያ የቀሰቀሰው የሰውነቷ መከላከያ የራሷን ቫልቭ ነው የመታው።

ከዓመታት በኋላ ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ቆማ ስልኳን ማየት ጀመረች። ትንፋሽ አጥሯት እንደሆነ ዘግይቶ ነው የገባኝ። በኢኮው የፊተኛው ቅጠል ጫፉ ተይዞ ሆዱ ብቻ ይነፋል፤ ልክ እንደ ገና ዱላ ይጎብጣል። ዳርና ዳሩ ስለተጣበቀ ቀዳዳው የዓሣ አፍ መስሏል። ባለሙያው ለካው፤ 1.1 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር። የጤነኛ ሰው ከ4 እስከ 6 ነው። ማለፍ ያቃተው ደም ወደ ሳንባዋ ይመለስ ነበር።

በጭኗ ደም መልስ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው በፊኛ አሰፉላት። የተጣበቀው ዳር ተላቀቀ፤ 1.8 ደረሰ። በየ4 ሳምንቱ የምትወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የተጎዳውን አይመልስም፤ በሽታው ዳግም እንዳይመታት ግን ይጠብቃታል። አንድም ቀን እንዲያልፋት አልፈቅድም።

የፋሲካ ዕለት በበሬው ቫልቭ ውስጥ ሦስት ጣቷን አሳለፈች። ጅማቶቹን አንድ በአንድ ነካካቻቸው።

«የኔ አሁን ስንት ጣት ያሳልፋል?»

«አንድ» አልኳት።

«በፊትስ?»

ትንሿን ጣቷን ይዤ ጫፏን አሳየኋት። እማዬ ቢላዋ ይዛ ልቡን እየጠበቀች ነበር፤ ዝም ብላ አየችን፣ ቢላዋውንም አስቀመጠችው።